የልጆችን መገጣጠሚያ በሁለት ደቂቃ የሚፈትሸው ፒጋልስ፦ ከሕፃናት ተመላላሽ ክፍል የቀረበ ግምገማ

ፒጋልስ ለትምህርት የደረሱ ልጆችን አካሄድ፣ ክንድ፣ እግርና አከርካሪ በተወሰነ ቅደም ተከተል ለመፈተሽ የሚያገለግል አጭር የምርመራ ዘዴ ነው። በእንግሊዝ አገር በኒውካስል በፕሮፌሰር ሄለን ፎስተርና በባልደረቦቻቸው የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለአዋቂዎች ይሠራበት የነበረውን ጋልስ የተባለ ምርመራ ለልጆች እንዲስማማ አድርጎ ያሻሻለ ነው፤ ለሕትመት የበቃውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ነው። ማሳያ ቪዲዮውና መመሪያው ፒ.ኤም.ኤም. በሚባለው የልጆች የአጥንት፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም መማሪያ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ዘዴው መሣሪያ፣ ኤሌክትሪክም ሆነ ላቦራቶሪ አይፈልግም። ከአዲስ አበባ ውጭ በሚገኝ ሆስፒታል የሕፃናት ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ስጠቀምበትና ለኢንተርኖችና ለጤና መኮንኖች ሳሳይ ስለቆየሁ፣ ለእኛ አገር ሥራ ምን ያህል እንደሚበጅና የት ላይ እንደሚያንስ ለሥራ ባልደረቦቼም ለወላጆችም ልጽፍ ወደድሁ።

በመጀመሪያ እንዲህ ያለ ነገር ለምን እንዳስፈለገ መናገር ይገባል። በእኛ ክፍል የሚሠራ ማንኛውም ሐኪም የልጁን ሆድ ይዳብሳል፣ ሳንባውን ያዳምጣል፣ ጆሮውንና ጉሮሮውን ያያል፤ ጉልበቱንና ክርኑን ግን ቤተሰቡ ጣቱን ቀስሮ ካላሳየው በቀር አይነካም። በካርዱ ላይ «እጅና እግር፦ ጤናማ» የሚለው ሐረግ ከምርመራ ይልቅ ከልማድ የሚጻፍ ነው ብል የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም። ስንፍና አይደለም፤ በሕክምና ትምህርታችን የልጅ መገጣጠሚያ የሚመረመርበትን ሥርዓት በተግባር ያሳየን ሰው አልነበረም። ፒጋልስ ይህን ክፍተት ለመሙላት የተዘጋጀ ስለሆነ፣ የልጆች ሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ሕክምና) ስፔሻሊስት እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ጠቀሜታው ከተፈለሰፈበት አገር ይልቅ ይበልጣል።

ቤተሰቡም በበኩሉ የራሱ መንገድ አለው። አንድ ልጅ ማነከስ ሲጀምር ቀድሞ የሚታሰበው መውደቁ ነው፤ ልጅ ደግሞ ሳይወድቅ የሚውልበት ቀን ስለሌለ ይህ ግምት ማስረጃ አጥቶ አያውቅም። ወደ ወጌሻ ይወሰድና ያበጠው ጉልበት ይታሻል፣ ይጎተታል። ከዚያ ብርድ ነው ተብሎ በቅባት ይሸፈናል፣ ከመድኃኒት ቤት የሕመም ማስታገሻ ይገዛለታል፣ አንዳንዴም ዴክሳሜታዞን የተባለው እብጠት የሚያበርድ ስቴሮይድ ይወጋል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ወራት አልፈውታል፤ የታፋው ጡንቻ መንምኗል፣ ጉልበቱም ተጣጥፎ መዘርጋት ትቷል። ብዙ ሰው «ሪህማ የሽማግሌ በሽታ ነው፤ በልጅ ምን ሊሠራ?» ይላል። የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ፣ ጡንቻ፣ ቆዳ ወይም የደም ሥር የሚያጠቃባቸው ሕመሞች ግን ገና ጡት ያልጣለ ሕፃንን እንኳ ይይዛሉ።

አሁን ወደ ምርመራው ልግባ። በሦስት ጥያቄዎች ይጀምራል፦ መገጣጠሚያህን፣ ጡንቻህን ወይም ጀርባህን ያምሃል ወይም ይተሳሰርብሃል? ልብስህን ያለ ሰው እርዳታ ትለብሳለህ? ደረጃ ለመውጣትና ለመውረድ ትቸገራለህ? ቀጥሎ ልጁ እንዲራመድ፣ በእግር ጣቶቹ ጫፍ፣ ከዚያም በተረከዙ እንዲሄድ ይደረጋል። እጆቹን ወደ ፊት ይዘረጋል፣ መዳፉን ይገለብጣል፣ ይጨብጣል፣ አውራ ጣቱን ከእያንዳንዱ ጣት ጫፍ ጋር ያገናኛል። መርማሪው የጣቶቹን ሥር አንጓዎች በመዳፉ ይዞ በቀስታ ይጫናል፤ የልጁንም ፊት ያያል። ልጁ መዳፍ ለመዳፍ፣ ከዚያ የእጁን ጀርባ ለጀርባ ገጥሞ ይይዛል፣ ሰማይ ለመንካት ይንጠራራል፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል፣ እጆቹን ማጅራቱ ላይ ያደርጋል። ተኝቶ ሳለ የጉልበቱ ሎሚ ጫን እየተደረገ ውኃ መቋጠር አለመቋጠሩ ይታያል፣ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ የዳሌው መገጣጠሚያም ታጥፎ ወደ ውስጥ ይዞራል። በመጨረሻ ሦስት ጣቶቹን አቁሞ አፉ ውስጥ እንዲያስገባ፣ ጆሮውን ወደ ትከሻው እንዲያዘነብል፣ ጎንበስ ብሎም የእግሩን ጣቶች እንዲነካ ይጠየቃል። በቃ፤ ይኸው ነው። የለመደው ሰው በሁለት ደቂቃ ያህል ይጨርሰዋል፤ ጀማሪ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እጥፍ ቢወስድበት አይግረመው።

ከሁሉ በላይ የወደድሁት የእንቅስቃሴዎቹ አመራረጥ ነው። እያንዳንዳቸው ለልጅ ጨዋታ፣ ለሐኪም ግን ጥያቄ ናቸው። ሦስት ጣት አፍ ውስጥ ማስገባት ለልጆች ሳቅ ነው፤ ለእኔ ግን የመንጋጋ መገጣጠሚያ መታመም አለመታመሙን መፈተሻ ነው፤ ይህ መገጣጠሚያ ብዙ ጊዜ ሳያምም ስለሚጎዳና የአገጭን እድገት ስለሚያስቀር፣ ማንም ሳይጠይቀው የሚታለፍ ነው። ጣሪያውን ማየት የአንገትን፣ መዳፍ መግጠም የእጅ አንጓን ጉዳት ያጋልጣል።

ምርመራው ምን እንደሚያወጣ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ በሳል ምክንያት ከአያቷ ጋር መጣች። ሳሉ ጉንፋን ነበር፤ ይሁንና እግረ መንገዴን መዳፎቿን እንድትገጥም ስጠይቃት የግራ እጇ አንጓ በደንብ ሲታጠፍ የቀኙ በግማሽ ቀረ፤ ክርኗን ወደ ላይ አንሥታ ልትሸፍነው ሞከረች። አንጓው ትንሽ ሞቅ ይላል፣ ከላዩም ለስላሳ እብጠት አለበት። «እማማ፣ ይህ እጇ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» አልኋቸው። «እኔ እንጃ ልጄ» አሉ፤ «እንጀራ በግራዋ እየቆረሰች ስታስቸግረኝ፣ ግራኝ ልትሆን ነው ብዬ ስቆጣት ነበር የከረምሁት።» ልጅቱ አንድም ቀን አመመኝ ብላ አታውቅም። ልጆች እንዲህ ናቸው፤ ሕመሙን ከመናገር ይልቅ አካሄዳቸውን ወይም የሚሠሩበትን እጅ ይቀይራሉ። ቤተሰብም የሚያየው ለውጡን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። በጥያቄ ብቻ ብንመረምር ኖሮ ሦስቱንም ጥያቄ «ደህና ነኝ» ብላ ታልፋቸው ነበር።

እነዚህ ጥያቄዎች ግን ለእኛ አገር እንዳሉ ቢወሰዱ አይሠሩም፤ የመጀመሪያው ቅሬታዬም ይኸው ነው። ከገጠር የመጣ ልጅ ደረጃ ያለው ቤት ውስጥ ስላልኖረ «ደረጃ መውጣት ያቅትሃል?» ሲባል በየዋህነት «አያቅተኝም» ይላል። እኔ በምትኩ ዳገት መውጣት፣ ከመደብ መነሣትና ሽንት ቤት ቁጢጥ ብሎ ያለ ድጋፍ መነሣት ይችል እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ የመጨረሻውንም እዚያው አስደርጌ አያለሁ። ልጁ በእጁ ታፋውን እየገፋ የሚነሣ ከሆነ ጉዳዩ የጡንቻ መዛል ሊሆን ይችላል፤ ደርማቶማዮሳይቲስ የሚባለው የጡንቻና የቆዳ ብግነት አንዱ ነው። ልብስ የመልበሱም ጥያቄ እንዲሁ ነው፤ ቁልፍ የሌለው ሹራብ ለምትለብስ ልጅ ፀጉሯን ራሷ ትሠራለች ወይ፣ ውኃ ትቀዳለች ወይ ማለት ይሻላል። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመውና በሦስቱ ውስጥ ጎልቶ ያልወጣው ጥያቄ የጠዋቱ ነው። ከእንቅልፉ ሲነሣ ተሳስሮ እንደ ሽማግሌ የሚራመድ፣ ረፋድ ላይ ግን ከእኩዮቹ ጋር ኳስ የሚጫወት ልጅ የመገጣጠሚያ ብግነት እንዳለበት ማሰብ ይገባል። እናቶች ይህን ከማንም ቀድመው ያውቁታል፤ ሆኖም ከሰዓት ወደ ሕክምና ሲያመጡት ደህና ስለሚመስል «እያስመሰለ ነው» ተብለው ይመለሳሉ።

ሁለተኛው ጉድለት ከባድ ነው። ፒጋልስ ችግሩ የት እንዳለ ይጠቁማል፤ ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ይህን አዘጋጆቹም አልሸሸጉም። እኛ ዘንድ ግን «ምን እንደሆነ» የሚለው ጥያቄ የራሱ የሆነ የቆየ መልስ አለው፤ መገጣጠሚያው ያበጠ ልጅ ሁሉ የሩማቲክ ትኩሳት አለበት ይባልና የወር መርፌ የሚባለው ፔኒሲሊን ይጀመርለታል። ስለዚህ ምርመራውን የሚለማመድ ሰው የሩማቲክ ትኩሳትንና የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነትን ለይቶ እስካላወቀ ድረስ፣ ያገኘው እብጠት ወደዚያው ወደ ለመደው ሳጥን ይገባል።

የሩማቲክ ትኩሳት ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ በሚባለው ባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ካለፈ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይነሣል። ሕመሙ በትልልቅ መገጣጠሚያዎች ላይ ነው፤ ዛሬ ጉልበት ላይ ያለው ነገ ቁርጭምጭሚት ላይ ይገኛል፣ ልጁን እስከማስጮህ ይደርሳል፤ በአስፕሪን ወይም በኢቡፕሮፌን ግን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ጥሎት ይሄዳል። መገጣጠሚያውንም ብዙውን ጊዜ አካል ጉዳተኛ አድርጎ አይተውም። ጉዳቱ ልብ ላይ ነው፤ ቫልቮቹን ማለትም የደም መተላለፊያ በሮቹን ያበላሻል። ጁቬናይል ኢዲዮፓቲክ አርትራይተስ ወይም በአጭሩ ጄ.አይ.ኤ. የሚባለው የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት ደግሞ 16 ዓመት ሳይሞላ የሚጀምር፣ ቢያንስ ለ6 ሳምንታት እዚያው መገጣጠሚያ ላይ የሚቆይና ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ነው። አይዘዋወርም፤ ይሰፍራል። ሕመሙ ከእብጠቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ በማስታገሻ ይቀልላል እንጂ አይጠፋም። ሳይታከም ሲቀር የመገጣጠሚያውን ልም አጥንት ይበላል።

ሁለቱን ለማምታታት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ኤ.ኤስ.ኦ. የተባለው የደም ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ የሚነግረን ልጁ በቅርብ ጊዜ በዚያ ባክቴሪያ ተይዞ እንደነበር ብቻ ነው። በተጣበበ ቤትና በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ለሚያድጉ ልጆች ደግሞ ይህ የዕለት ተዕለት ነገር ስለሆነ፣ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ተማሪም ከፍ ያለ ቁጥር ይዞ ሊገኝ ይችላል። ጉልበቷ ለወራት ያበጠ ልጅ ኤ.ኤስ.ኦ. ከፍ አለ ተብሎ ለዓመታት በየወሩ ስትወጋ፣ መገጣጠሚያዋ ግን እየተበላ ሲሄድ ማየት ለእኛ እንግዳ አይደለም። መርፌው አልጎዳትም ሊባል ይችላል፤ ይሁንና ትክክለኛው ሕክምና የሚሰጥበትን ጊዜ ወስዶባታል።

የተገላቢጦሹም አደጋ እንዳለ መዘንጋት አይገባም፤ እንዲያውም በቁጥር ሲታይ የእኛ ዋና ሸክም እርሱ ነው። የሩማቲክ ትኩሳት የነበረበት ልጅ መገጣጠሚያው ድኖ ሲመጣ ፒጋልስ ቢሠራለት ሁሉም ጤናማ ሆኖ ይወጣል፤ ቫልቩ ግን ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ በእኛ ክፍል ሕግ አድርገን የያዝነው፣ ፒጋልስ የተሠራለት ልጅ ሁሉ ልቡ እንዲደመጥ ነው። ጥርጣሬ ካለ ደግሞ የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። የሩማቲክ ትኩሳትን ለመለየት የሚያገለግለው የጆንስ መስፈርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ሲሻሻል፣ እንደ እኛ ባለ ሕመሙ በበዛበት አገር የአንድ መገጣጠሚያ ብግነት ወይም እብጠት የሌለው የብዙ መገጣጠሚያ ሕመም እንኳ እንደ ዋና ምልክት እንዲቆጠር፣ በማዳመጫ ያልተሰማ በአልትራሳውንድ የታየ የቫልቭ ጉዳትም እንዲካተት ተደርጓል። ለዚህ ልጅ የወር መርፌው ሕይወት ነው። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ልቡ ካልተነካ ቢያንስ ለ5 ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ የረዘመው ተመርጦ ይቀጥላል፤ ቫልቩ ተጎድቶ የቀረ ከሆነ ደግሞ እስከ 40 ዓመቱ፣ ካስፈለገም ዕድሜ ልኩን ሊወጋ ይችላል። «ተሽሎኛል» ብሎ የሚያቋርጥ ወጣት እንደገና ሲታመም ቫልቩ ይበልጥ ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው በጥቁር አንበሳ ግቢ እንዳለው ባለ የልብ ሕክምና ማዕከል የቀዶ ሕክምና ተራ መጠበቅ ይሆናል።

ከልብ ሌላ ፒጋልስ የማያየው ዓይን ነው። በጥቂት መገጣጠሚያዎች ብቻ የተያዙ፣ በተለይ ትንንሽ ሴት ልጆች፣ በደም ምርመራ ኤ.ኤን.ኤ. የተባለው የራስን ሕዋስ የሚያጠቃ ፀረ አካል የተገኘባቸው እንደሆነ ዩቪአይቲስ ለሚባለው የዓይን ውስጥ ብግነት የተጋለጡ ናቸው። ዓይኑ አይቀላም፣ አያምም፣ አያለቅስም፤ ልጅቱ ማየት ማቆሟ የሚታወቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከፍተኛ ተጋላጭነት ያላቸው ልጆች ምንም ባይሰማቸው በየሦስት ወሩ በዓይን ሐኪም ዘንድ ስሊት ላምፕ በሚባለው መሣሪያ መታየት አለባቸው። ለወላጅ ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ ለጉልበት ሕመም የመጣ ሰው ለምን ዓይን ክፍል እንደተላከ ሳይገባው ተበሳጭቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቆዳም እንዲሁ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት «ቀይ ሽፍታ» የሚባለው በእኛ ልጆች ቆዳ ላይ ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ መሰል ሆኖ ይታያል፣ አንዳንዴም ቆዳው ነጣ ብሎ ይገኛል፤ የጣት አንጓዎችንና የዓይን ቆብን በጥሩ ብርሃን ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ዕድሜን ይመለከታል። ዘዴው የተሞከረው ለትምህርት በደረሱ ልጆች ላይ ሲሆን፣ ጄ.አይ.ኤ. ግን በጣም የሚያጠቃው ገና ከሁለትና ከሦስት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ነው። ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ነጭ ካፖርት ሲያይ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ስለሚደበቅ «ተረከዝህ ላይ ሂድ» ማለት ዋጋ የለውም። እኔ የማደርገው፣ ራሴ እየሠራሁ «እንደ እኔ አድርግ» እያልሁ እንዲኮርጀኝ መተው፣ ከወለል ላይ ኳስ እንዲያነሣ ማድረግ፣ ወደ እናቱ ሲሮጥ ከኋላው ማየት ነው። ጉልበቱን ደግሞ እናቱ ጭን ላይ ሳለ ሁለቱን በአንድ ጊዜ እያወዳደሩ መዳሰስ ይቻላል። አንድ እግር ከሌላው የረዘመ ከሆነ ልብ ማለት ይገባል፤ ብግነት ያለበት ጉልበት በትንንሽ ልጆች አጥንቱን ፈጥኖ ስለሚያሳድግ የታመመው እግር ነው ብዙውን ጊዜ የሚረዝመው።

ምርመራው ችግር ካሳየ በኋላስ? ይህ የግምገማዬ ዋና ነጥብ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ አብጦ፣ ልጁ ትኩሳት ኖሮት እግሩን አላስነካ ካለ፣ ሌላ ሳይታሰብ በባክቴሪያ የመጣ የመገጣጠሚያ መግል ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ለወራት ቀስ በቀስ ያበጠ አንድ ጉልበት ወይም ዳሌ፣ በተለይ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው ካለ፣ የሳንባ ነቀርሳ መገጣጠሚያ ላይ መውረዱን ያስጠረጥራል። ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው አጥንት ሕመም ያለበት፣ የገረጣ፣ የከሳ ልጅ ደግሞ የደም ካንሰር እንደሌለበት ሳይጣራ ፕሬድኒሶሎንም ሆነ ዴክሳሜታዞን በፍጹም ሊሰጠው አይገባም። ስቴሮይድ ለጊዜው ያሽለዋል፤ መልኩን ለውጦም ምርመራውን ያሳስታል። የተጣመመ እግር ይዘው ለሚመጡ ሕፃናት መንሥኤው ሪኬትስ (በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መልፈስፈስ) ሆኖ መገኘቱም በአገራችን የተለመደ ነው። ፒጋልስ እነዚህን ሁሉ ሊጠቁም ይችላል፤ አይለያቸውም። የመለየቱ ሥራ የመርማሪው ነው።

ጄ.አይ.ኤ. መሆኑ ከተረጋገጠ ሕክምናው ያለ ነገር ነው፤ ይህ ወላጆች አጥብቀው እንዲይዙት የምፈልገው ነው። እንደ ኢቡፕሮፌንና ናፕሮክሰን ያሉ ማስታገሻዎች ሕመሙን ያቀልላሉ። አንድ ወይም ሁለት መገጣጠሚያ ከሆነ ትራያምሲኖሎን የተባለው ስቴሮይድ በቀጥታ መገጣጠሚያው ውስጥ ሲወጋ ለወራት እፎይታ ሊሰጥ ይችላል። ብዙ መገጣጠሚያ ሲያዝ የሕክምናው ምሰሶ ሜቶትሬክሴት ነው። ይህ መድኃኒት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በስሕተት በየቀኑ ቢወሰድ የአጥንት መቅኒን አዳክሞ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ፓኮው ላይ «እሑድ ብቻ» ብሎ በትልቁ መጻፍ፣ ለሚንከባከበው ሰውም ደግሞ ማስደገም ያስፈልጋል። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይሰጣል፣ የደም ሕዋሳትና የጉበት ምርመራም በየጊዜው ይደረጋል። ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጃገረዶች ደግሞ በእርግዝና ጊዜ የማይወሰድ መሆኑ ሊነገራቸው ይገባል። ፕሬድኒሶሎን ሌሎቹ መድኃኒቶች እስኪሠሩ ድረስ እንደ መሸጋገሪያ ቢያገለግልም፣ ሲቆይ እድገትን ያቀጭጫል፣ ፊትን ያሳብጣል። ጎረቤት «ተመስገን፣ ወፈረችልን!» እያለ ሲያመሰግን፣ እኛ ደግሞ መጠኑን እንዴት እንደምንቀንስ እንጨነቃለን። ቤተሰብ በራሱ ፈቃድ ድንገት ማቋረጥ ግን የባሰ አደጋ አለው፤ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

በሀብታም አገሮች ከዚህ በኋላ የሚመጡት እንደ አዳሊሙማብ ያሉ ባዮሎጂክ መድኃኒቶች ናቸው፤ የብዙ ልጆችን ሕይወት ለውጠዋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ የሚፈልጉ፣ ዋጋቸውም ከአቅም በላይ የሆነ ስለሆነ እኛ ዘንድ የሚያገኛቸው ጥቂት ነው። በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖች ግን አንድ ነገር ላስገንዝብ፤ እነዚህ መድኃኒቶች ተኝቶ የቆየን የሳንባ ነቀርሳ ስለሚቀሰቅሱ ከመጀመራቸው በፊት ምርመራ ይደረጋል። ልጁ የቢሲጂ ክትባት መውሰዱን፣ ኢትዮጵያ ሄዶ መቆየቱንና ቤት ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ እንደነበር ሳይደብቁ መንገር ይገባል። የቆዳው ምርመራ በክትባቱ ምክንያት ሊያሳስት ስለሚችል ሐኪሙ በደም የሚሠራውን ሊመርጥ ይችላል።

ስለ ማሳያው ቪዲዮ ጥራት ጥቂት ልበል። እንቅስቃሴዎቹ ንጹሕና በዝግታ የሚታዩ ናቸው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ቢሆንም ድምፁን ዘግቶ እንኳ መከተል ይቻላል። በማላዊ ሆስፒታል በታመሙ ልጆች ላይ ተሞክሮ ልጆቹም ወላጆቻቸውም በቀላሉ እንደተቀበሉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ታትሞ የወጣ ጥናት ማሳየቱ፣ «ይህ ለፈረንጅ ነው» የሚለውን ክርክር ያዳክማል። በእኛ ክፍል ትእዛዞቹን በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጥፈናል። «ሰማይ ንካ»፣ «ሦስት ጣት ጉረስ»፣ «ጆሮህን ለትከሻህ አውሰው» የሚሉት አባባሎች ልጆቹ ራሳቸው እየሳቁ የሚደግሟቸው ሆነዋል። ውጤቱን ለመመዝገብም አካሄድ፣ ክንድ፣ እግር፣ አከርካሪ ብሎ አራት መስመር ማስመርና ከእያንዳንዱ ፊት «መልክ» እና «እንቅስቃሴ» በሚል ሁለት ቦታ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል፤ ካርዱ ላይ ከሦስት ጣት ወርድ በላይ አይወስድም።

ለማን ይሆናል? ለጤና መኮንን፣ ለኢንተርን፣ ለሕፃናት ክፍል ነርስና በጤና ጣቢያ ላለ ጠቅላላ ሐኪም ያለማመንታት እመክረዋለሁ። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሙሉው ይበዛል፤ አካሄድን ማየት፣ መዳፍ ማጋጠምና ቁጢጥ ብሎ መነሣት የሚሉትን ሦስቱን ብቻ ብትይዝ ይበቃታል። ለወላጅ ደግሞ ምርመራው ሐኪምን አይተካም፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ ልጁን እንዲህ አድርጎ አይቶ «ይህን ማድረግ አልቻለም» ብሎ መምጣት «እግሩን ያመዋል» ብሎ ከመምጣት እጅግ የተሻለ ነው። ቢቻል ጠዋት በተነሣ ሰዓት ሲራመድ በስልክ ቀርጾ ይዞ መምጣት ደግሞ ከሰዓት በኋላ የምናደርገውን ክርክር ሁሉ ያስቀራል።